ከፍሬም ውጪ

ጎማ ቁጠባ ጋ፣ እሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሊፍቱ በሞተበት፣ ቀባሪም ሳይታይ፣
ልብስ ሰፊ ለቆት የሄደውን ክፍል
ለሦስት ቀን ያዝን በልመና ውል።
መስታወቱ አለ። በወለሉ ስንጥቅ መርፌና ክር አለ፤
የሸሚዝ፣ የኮት ቁልፍ፣ እንደ ሽምብራ ጥሬ፣ እዚህም እዚያም አለ።

እኔ አንባቢ ነኝ፤ ተዋናይ አይደለሁ።
የእህትየዋን ቃል ከወረቀት እያየሁ
ለመጣው ሁሉ እመልሳለሁ።
ወንድም ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ መጥቶ፣
በሩ እምቢ ሲለው፣ ያንኳኳል ቆይቶ።
«ቁልፉን ማን ቀየረው?» ይላል።
«ማን ያንኳኳል ብለን?» እላለሁ እኔ።
ለዚች ሁለት መስመር ሦስት ቀን ደረቀ ጉሮሮዬ፣ ዓይኔ።

ዳይሬክተሩ ሚልኪያስ ስልኩን አይለቅም።
«ስልሳ ሦስት ቪዲዮ መጥቷል፤ ሰው ደረጃ ወጥቶ ለምን ይድከም?
ከአቃቂ፣ ከሱሉልታ፣ የታክሲ ተበድሮ፣
የቀን ሥራ ትቶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣
ለአንዲት መስመር ደጅ ማስጠናት ግፍ ነው።
ቤቱ ይቅረጽ፤ መብራት ሲመጣ፣ ልጁ ሲተኛ፣ ሲመቸው።»
እውነቱን ነው። አልተከራከርኩም።

ማታ ቪዲዮዎቹን አየሁ፣ አንድም ሳልዘል።
አንዱ ፍሪጅ አጠገብ ቆሟል፤ ፍሪጁ ይበልጠዋል በትወና።
አንዱ ስልኩን በጣሳ አስደግፎታል፤ መሃል ላይ ይወድቅና
ቆርቆሮው ብቻ «ቁልፉን ማን ቀየረው?» ይላል።
ጆሮዬ ግን የማይታዩትን ይለቅማል፣
ከስልኩ ጀርባ የእኔን ቃል የሚያነቡትን፦
ጎረቤት፣ የክፍል ጓደኛ፣ አንዲት እናት
«ማን… ያን… ኳ… ኳል…» ስትል፣ ልጇ በትዕግሥት ሲጠብቃት።
የሙያ ዘመዶቼ ናቸው። ስማቸው የትም አይጻፍም።

ፍስሐጽዮን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው የቀረጸው፣
የጎረቤት ቴሌቪዥን እንዳይሰማ።
ከስልኩ ብርሃን በቀር ፊቱን የነካው የለም።
መስመሯን ሲላት ሚልኪያስ ምራቁን ዋጠ።
ያየነው ምናልባት ሃያኛውን ነው፤
አሥራ ዘጠኙን ያየ ብርድ ልብሱ ብቻ ነው።

ዋስይሁን በሦስተኛው ቀን መጣ። መብራት የለም።
ከታች ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሳር ቤት!» ማለት አያቆምም።
እያለከለከ ገባ። ይቅርታ አለ። ውኃ ጠጣ።
ጀመረና ቃሉ ጠፋው።
አንገቱን ሲደፋ ጫማው ሥር አንዲት ቁልፍ አየ፤ ጎንበስ ብሎ አነሳት፤
አቧራዋን እፍ ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጣት።
ከዚያ ኮቴን አየ።
«ቁልፉን ማን ቀየረው?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

የኮቴ ሦስተኛ ቁልፍ ከሌሎቹ አትገጥምም።
የቀድሞዋ ስትወድቅ ያገኘሁትን ተከልኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም።
ወረቀቱ እጄ ላይ እያለ
«ማን ያያል ብዬ» አልኩት።

«ድንቅ ነው» አለ ሚልኪያስ በኋላ፤ «ግን ለአንቺ ነው የተወነው።
ተመልካች ኮትሽን አያይም። ፊልም ዞሮ ዞሮ መስታወት ነው፤
እጁን ሰዶ የሚዳስስ የለም።»
ይህም እውነት ነው። ይህንንም አልተከራከርኩም።
ብቻ ዋስይሁን ሲወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ
ያችኑ መስመር ለግድግዳው ደገማት። ሰማሁት።
ከቅድሟ ትሻል ነበር።

የቀረጻው ዕለት ፍስሐጽዮን በሩ ፊት ቆሞ ዞር አለ፤
«ማን ነው የሚያነብልኝ?» አለ።
ከትራይፖዱ እግር ሥር፣ ከሌንሱ ጎን ተንበረከክሁ።
እሱ ጠየቀ፤ እኔ እንደተጻፈው መለስኩ።
አንዴ። ሦስቴ። ሰባቴ። «ካት» እስኪባል
ግራ እጄ እንደተጨበጠ ቆየ።
ስከፍተው መዳፌ ላይ ክብ ምልክት አለ፤
መሃሉ ላይ፣ አራት ነጥብ።