ሰሙን ስቀባ

ከምንኖርበት ፎቅ፥ ከታች፥ ከምድር ቤት፥
የሰፈሩ ልብስ ሁሉ ከሚታጠብበት፥
አርብ አርብ ማታ ካውያ እሰካለሁ፤
የልጄን የበረዶ ስኪ ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስተኛለሁ።

ካውያስ አውቃለሁ። ደሴ፥ ከአባቴ ሱቅ፥
ከሰል እያራገብኩ፥ በሱፍ፥ በካኪ ጨርቅ፥
በሰው ሱሪ ላይ መስመር ሳወጣ ነው ያደግሁት።
ኦስተርሱንድ ግን ካውያ ለሱሪ አይደለም የገዛሁት።

ሰም ነው የማቀልጠው።
ሰማያዊው ለደህናው ብርድ፥ አረንጓዴው ለክፉው ቅዝቃዜ፤
ይህን ለመለየት የፈጀብኝ ጊዜ
ሱሪ ቢሆን ኖሮ ክፍለ ጦር ያለብስ ነበር።

መጀመሪያ ስትወጣ ምንታምር ዐሥራ አንድ ዓመቷ፤
ዳገቱ መሀል ወደቀች፤ ተነሣች፤ ወደቀች እንደገና በጉልበቷ።
ስትደርስ ሕዝብ የለም። ውድድሩ አብቅቶ፥
ባንዲራው ተጠቅልሎ፥ ገመዱ ተፈቶ፥
አንድ ሽማግሌ ብቻ፥ ሰዓቱን ጨብጦ፥ እሷን ጥበቃ ቀርቶ፥
ስሟን ከመዝገቡ ግርጌ ላይ ጻፈ፤
ጓንቱን አውልቆ ጨበጣት፤ አለፈ።

በቃሽ ልላት ነበር።
የመኪናው መስታወት በረዶው እስኪለቅ
ቃል ሳነሣ፥ ስጥል፥ እንዳይከፋት ስጠነቀቅ፥
እሷ ጫማዋን ፈትታ፥ የእግሯን ጣት እያሸች፥
"አባዬ፥ ሰሙ ልክ አልነበረም፤ ለቅዳሜ ቀይረው" አለች።

ለካ ጥፋቱ የኔ ኖሯል!
እንዲህ ደስ ብሎኝ ተወቅሼ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት አንደኛው ዱላዋ ተሰበረ።
በአንድ ዱላ ጨረሰች። ቤት ስንገባ ክንዷ አብጦ ነበረ።

ሌሎቹ ልጆች እንደ ውሃ ይፈስሳሉ፤
ከእናታቸው ሆድ ስኪ አጥልቀው የወጡ ይመስላሉ።
የነሱ ሩጫ በመኪና የተሰፋ ልብስ ነው፥ ስፌቱ አይታይ።
የኔዋ በእጅ ትሰፋለች፤ ጥርሷን ነክሳ፥ በዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ፥
አንዱን እርምጃ ካንዱ እየጠለፈች፤
ጣቷን መርፌ ቢወጋትም ክሩን አልበጠሰች።

ዛሬ ሦስተኛ ዓመቷ። ከዜሮ በታች ዐሥራ ሰባት።
መታጠፊያው ጋ ቆሜያለሁ፤ እጄ ላይ ፔርሙዝ፥ ኪሴ ውስጥ ትርፍ ካልሲ ይዤላት።
"አይዞሽ!" እላለሁ። "ምን ማለት ነው?" አለችኝ ጎኔ የቆመችው ጉንቦር።
በርቺ ነው፥ አትፍሪ ነው፥ አለሁልሽ ነው... ስዊድንኛዬ አለቀ፤ ዝም ከማለት በቀር
ምን አደርጋለሁ? እሷ ግን ገባት መሰለኝ፤ የልጅ ልጇ ሲያልፍ፥
"አይዞሽ!" ብላ ጮኸች ለዚያ ጎረምሳ፥ እስክታስል ድረስ፥ በሙሉ አፍ።

ከዚያ መጣች።
ቅንድቧ ሸብቶ፥ ምራቋ ጉንጯ ላይ ደርቆ፥
ቁጥር ሰማንያ ሰባት ደረቷ ላይ ተጣብቆ።
ከፊቷ አንዲት ልጅ አለች። ዳገቱ ላይ ደረሰችባት፤
ቀና ብላ ሳታይ፥ ትንፋሿን ቆጥራ፥ ቀስ ብላ አለፈቻት።
አየኋት።
ወደ እኔ አልዞረችም። ሥራ ላይ ነበረች።

ከአርባ ሦስት አርባ አንደኛ ወጣች።

ወርቁን የወሰደችው ሌላ ልጅ ናት፤ ይገባታል፤ አጨበጨብንላት።
እኛ ገና ሰሙ ላይ ነን።

አሁን ልናዘዝ፦
የቋንቋ ትምህርቱን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩት።
"ክፍሉ ሞልቷል" ብዬ ነው ለልጄ ያወራሁት።
ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፥ ከካውያው ካርቶን ሥር፤
ገጹ ገና የጣለ በረዶ፥ ማንም ያልረገጠው ምድር።
ሰኞ እሄዳለሁ።
ከኋላ ወንበር፥ ከመጨረሻው ሰው ኋላ እቀመጣለሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የካውያ ማታ አይደለም። እኔ ግን ሰካሁት።
በሩ ተከፈተ። በነጠላ ጫማ፥ እጅጌዋን እየጎተተች፥
"ጋለ?" አለች።
"ገና ነው።"
"እጠብቃለሁ" ብላ ማጠቢያው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።