አርባ አንደኛዋ

ከሌሊቱ ስምንት መብራት እልም ሲል
ዘበኛው ደወለ፤ «ፍሪጁ ዝም ብሏል።»
ጋቢዬን በካፖርት ደርቤ ተነሳሁ፣
ከጠባሴ መንደር በሩጫ ደረስሁ።
የደብረ ብርሃን ውርጭ ጨው መስሎ ተነጥፏል፤
ሰው ይህን ከተማ በብርዱ ያማዋል፣
ለእኔ ብልቃጦች ግን ብርዱ ያንሳቸዋል።
ሰማንያ ከዜሮ በታች ነው የሚተኙት እነሱ፤
በእኛ ውርጭ አድረው ነቅተው ቢነሱ
የሁለት ዓመት ሥራ ውሃ ነው መልሱ።

ጋሽ ፀጋነህ ቆሟል ባትሪ ይዞ ከደጅ፤
ሦስት ሳምንት ያስለዋል፣ «ብርድ ነው» ይላል እንጂ።
«በሬ አልሞተብሽ፣ ቤት አልነደደብሽ፣
ምንድን ነው በሌሊት እንዲህ የሚያስሮጥሽ?»

ፔፕታይድ ብለው የሰው ስም ይመስለዋል።
ስለዚህ እንዲህ አልኩት፦

«ሌቦች አሉ ጋሼ፣ በአፍንጫ የሚገቡ፣
ኮሮና፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ስም የሚደርቡ።
ክትባት የሚለያቸው በለበሱት ልብስ ነው፤
ልብሱን ሲቀይሩት ማን ብሎ ይያዛቸው?
እኔ ልብስ አላይም፤ የማየው ጉልበት ነው።
በር ሊሰብር ሲመጣ ሁሉም በየፊናው
እንደ ሰንጢ ታጥፎ ነው ገፍቶ የሚገባው።
እዚያች እጥፋት መሀል ሽብልቅ ከገባ፣
በሩ ላይ ይቀራል የትኛውም ሌባ።»

«ሽብልቁስ ከምንድን?» አለኝ እያሳለ።
«ሠላሳ ስድስት ዶቃ፣ በአንድ ክር» አልኩት፤ ዝም አለ።
«በዓይን ይታያል?»
«አይታይም።»
«እንግዲያ ሃይማኖት ነው» አለና
የጄኔሬተሩን ገመድ ሳበ።

አርባዎቹ የሉም።
አንዷን የአፍንጫ ንፍጥ በደቂቃ በላት፤
አንዷ ሳህን ላይ ጀግና ነበረች፣
አይጥ ሳንባ ውስጥ ገብታ የውሃ ሽታ ሆነች፤
አሥራ ሰባተኛዋ ቫይረሱን ትታ ሴሉን ገደለች።
ለእሷ አልቅሻለሁ፣ ለሌሎቹ አላለቀስኩም።
ምክንያቱን አላውቅም።
አርባ አንደኛዋ ሦስት ሌባ አቁማለች፤
አራተኛው ሳህን ሐሙስ ይነበባል፣
እስከዚያ ዝም ብላለች።

በአራተኛው ጉተታ ሞተሩ ተንጫጫ፣
ቁጥሩ ቀይ ሆኖ በራ።
ጋሽ ፀጋነህ ግድግዳውን ይዞ ሳለ፤
ረጅም፣ ከሥር የሚመጣ።
ይህ ሳል የእኔ ሌባ አይመስልም፤
ሽብልቄ አይገባለትም።
«ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ አክታ ትሰጣለህ።»
«ነገማ ተረኛ ነኝ።»
«እኔ በሩ ላይ እቆምልሃለሁ።»

መልስ አልሰጠኝም። በርጩማ ስቦ ከጎኔ ተቀመጠና
የቁጥሩን መውረድ ጮክ ብሎ ይቆጥርልኝ ጀመር፦
ስልሳ ሁለት፤
ስልሳ ሦስት፤
ይስላል፤
ስልሳ አራት