ሌላ ካለ ይገለጽ

ሰማንያ ሁለት መጠይቅ ተሸክሜ በክንዴ፣
ከዶርም ዶርም ዞርኩ፣ አንዴ ታች፣ ላይ አንዴ።
ክፍል አንድ፦ ማወቅ። ክፍል ሁለት፦ መብላት።
መሃላቸው የደቻቱ አሸዋ፣ ውኃ የሌለበት።

ጉርሜሳ ከሃያው ጥያቄ ሃያውንም መለሰ፣
እስክሪብቶውን ከድኖ አልጋው ላይ ተመለሰ።
ሊኮፒን ከቲማቲም፣ አንቶሲያኒን ከወይን፣
እንደ ዳዊት ደገመው ጨፍኖ ሁለት ዓይኑን።
«ነፃ ሬዲካል ማለት» አለኝ፣ «ላጤ ኤሌክትሮን ነው፣
ጥንድ ያጣ ጊዜ የጎረቤት የሚነጥቀው።»
«ባለፉት ሰባት ቀናት ስንቴ ፍራፍሬ በላህ?»
ኮርኒስ ኮርኒሱን አየ። «አቦ፣ ተወና በናትህ!»
ብስኩቱን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን አቀበለኝ፤
እኔም ግማሹን በላሁ፣
«ዜሮ» ብዬ መዘገብኩኝ።

ሚስጥረ ግን አሳምራ ሞላች፦ በቀን ሦስቴ፣ አራቴ።
ወረቀቱን ሳትለቅ ሳቀች፦ «ይኼ የኔ አይደለም፣ የእናቴ
ምኞት ነው፤ ከጭሮ ደውላ ‹ብርቱካን በላሽ?› ትለኛለች፣
‹አዎ› ስላት ደስ ይላታል፤ ስልኩን ስማ ትዘጋለች።»

የካፌው ሰሌዳ ላይ፦ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ሽሮ፣
ረቡዕ ምስር ብቅ አለ፤ ሐሙስ ተመለስን ወደ ድሮ።
ሙዝ ለበዓል ይታደላል፤ አንዳንዱ እጅ ላይ ግን አይቆይም፣
በር ላይ በሲጋራ ይለወጣል፤ እኔ የማንንም ስም አልጠራም።
«ውድ ነው» አሉኝ ሁሉም፤ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት፤
ለበርጫ ኪስ አይጎድልም፣ ሲደርስ ሰባት ሰዓት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ከፊራ ወረድኩኝ፣
«የገበያ ዋጋ ጨምርበት» አማካሪዬ ብሎኝ።
ሻምሲያ ስባሪ ጃንጥላ ከድንጋይ ጋር አስራ፣
ሮማን ሰንጥቃ አስቀምጣ፣ ቀዩ ከሩቅ እንዲጣራ፣
ዘይቱኑን በጣሳ፣ ቲማቲሙን በተራራ።
«ግብር ነው እንዴ አቦ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?»
«አንቲኦክሲዳንት» አልኩኝ፤ ምላሴን አደናቀፈው።
«ዝገት በያት» አልኩ ለራሴ። «ሰውነት እንደ ብረት
ይዝጋል፤ ይሄ ሮማንሽ ያዘገየዋል ጥቂት።»
በአገጯ ጠቆመችኝ ለገሃር ወዳለበት፦
«እንደ ባቡሩ በለኛ! አባቴ እዚያ ነው የዋለ፣
ሐዲዱ ሳይዝግ እሱ ዛገ፣ የዘይት ጣሳ በእጁ እያለ።»

«አንቺስ ከዚህ ስንት በላሽ፣ ባለፉት ሰባት ቀን?»
ዝንቡን እያባረረች ሳቀች፣ በአንድ እጇ ይዛ ሆዷን።
«የበላሁት ይጎድላል፤ የሸጥኩት ፓስታ ይሆናል፤
ማታ አምስት ልጅ አፉን ከፍቶ፣ ስለ ዝገት ማን ያስባል?»

ይሄን የት ልጻፈው?
«አያውቅም»፣ «አይወድም»፣ «በአካባቢው አይገኝም»፤
ያዘጋጀኋቸው ሳጥኖች እነዚህ ነበሩ፣
ራሴ ነኝ ያሰመርኳቸው፣ ቀጥ ቀጥ አድርጌ።
ከግርጌ አንዲት መስመር አለች፦ «ሌላ ካለ ይገለጽ»፣
ርዝመቷ የአንድ ጣት።
አምስቱ ልጆች አይገቡባትም፣
አባትየውም ከነጣሳው፣
የሚስጥረ እናት ከነስልኳ።
«ፓስታ» ብዬ ጻፍኩባት፤
ከዚያ በላይ ቦታ አልነበረም።

ልሄድ ስል ሁለት ዘይቱን፣ ጎናቸው የተመታ፣
«ለጥናቱ» ብላ ሰጠችኝ፣ ሳታስከፍል፣ በስጦታ።
አንዱን ባጃጅ ላይ ገመጥኩት፤ ፍሬው ጥርሴ ውስጥ ቀረ፣
ሰፈር እስክንደርስ ድረስ ምላሴ ሲቆፍር ነበረ።
ሁለተኛውን ጉርሜሳ አሽትቶ፣ በክንዱ ጠረገና
ከነልጣጩ ዋጠው፤ ጣቱን ሳይቀር ላሰና፣
«ቫይታሚን ሲው ከብርቱካን ይበልጣል» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት።
ዜሮውን ላርምለት አሰብኩ፤
ሳምንቱ ግን አልፏል፣ እንዳለ ተውኩት።