ባርኔጣ የደፋች ፊደል

የካቲት ነው፣ ማክሰኞ ማታ። የሰሜን ዌልስ ዝናብ ጣራውን ይደልቃል፤
ከጸሎት ቤቱ ጓዳ ውስጥ የጋዝ ምድጃ ያጉረመርማል።
ሰባት ነን። በመካከላችን፣ እግሩ በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ፣
የበግ ግልገል የሚያህል
ኮምፒውተር ቁጭ ብሏል።

ዓመት ሙሉ ኬክ ሸጠን፣ ዕጣ ቆርጠን፣
መዘምራኑን ከሸለቆ ሸለቆ አዙረን
እሱን ገዛን። የተረፈችው ገንዘብ
ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ትበቃለች፤
ሂሳብ ያዡ እኔ ነኝ፤ ደብተሬ ከዚህ በላይ አልተለጠጠች።

ከቼስተር የመጣው ሻጭ፣ ሚስተር ሃዝልደን፣
እርጥብ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሁለት ሣጥን ዘረጋልን።
«ይኼኛው ፔጅሜከር ነው፤ ገጹን ጠረጴዛ በሉት፤
ወሬውን ወዲህ ሳቡት፣ ሥዕሉን ወዲያ ግፉት፤
መቀስና ሙጫ ለለመደ እጅ ባዳ አይሆንበት።
ይኼኛው ቬንቱራ፣ ሥርዓት ወዳድ ነው፤
‹ርእስ እንዲህ፣ አንቀጽ እንዲያ› ብላችሁ አንዴ ከደነገጋችሁ
መቶ ገጽ ቢሆን ይሰለፋል፣ ወታደር ነው።»

ኢቮር ጉሮሮውን ጠረገ። አርባ ዓመት
የጣራ ድንጋይ ሲሰነጥቅ የኖረ፣ ሳንባው አቧራ የጠገበ፣
በየሦስት ቃሉ የሚያርፍ ሽማግሌ፦
«ድንጋይ በመዶሻው አይደለም... በራሱ መንገድ ነው የሚሰነጠቀው።
ሥርዓት ያለው ይሻላል... ቬንቱራ።»

መምህርቷ መረሪድ ግን፣ «የማን ሥርዓት?» አለች፤
«የእኛ ጋዜጣ መቼ በሥርዓት ወጥታ ታውቃለች?
ገጹ አለቀ፣ ተዘጋ ስንል ሌሊት በር ይንኳኳል፤
ሰው ሞቷል።
ያኔ የበግ ጨረታውን ገፋ፣ የሹራብ ክቡን ጠበብ አድርጎ
ለሟች ቦታ የሚለቅ ነው የሚያስፈልገን።»

ተከራከርን። ሻዩ ቀዘቀዘ።
አይጧን ለመንካት የፈራን ሁሉ ባለሙያ ሆነን አመሸን።

ያኔ ነው ቴግዌን፣ ከጥግ፣ ከሹራቧ ቀና ብላ፣
«ደብልዩዋ ባርኔጣ ትደፋለች?» ያለችው።
«ምን?» አለ ሰውዬው።
«በእኛ ቋንቋ ደብልዩ አናባቢ ነች፤ ስትረዝም ባርኔጣ ትደፋለች።
እሷ ላይ ካረፈ ዝይ ነው፤
አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ካለፈ ዛፎች።
ለገና ዝይ ያረባውን ሰው ዛፍ ሸጠ ብለን ብናወጣ
በየትኛው ፊታችን ገበያ እንወጣለን?»

ጻፈ። ስክሪኑ ጥቁር ሣጥን አሳየው።
በሌላኛው ጻፈ፤ የጥያቄ ምልክት።
አሁን ካፖርቱን አወለቀ።
በፔጅሜከር ባርኔጣውን ለብቻው ጽፎ፣ ነጥብ በነጥብ ወደ ኋላ እየጎተተ
ሊያስደፋት ሞከረ፤ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።
ሳቅን። ኢቮር እስኪያስለው ሳቀ።

አራት ለሦስት። ፔጅሜከር አሸነፈ፤
ከተሸነፉት ጋር ቴግዌን ነበረች፣ ግን ቅር አላላትም፤
«የትኛውንም ግዙ፤ እኔ ብዕሬ አለችኝ» አለች፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በታይፕ በተመታ ወረቀት ላይ
ፊደል ስታለብስ የኖረች ሴት።

ሚያዝያ ገባ። የመጀመሪያውን እትም
አለቀ፣ ተዘጋ ባልንበት ሌሊት
በሩ ተንኳኳ።
ኢቮር።

መረሪድ ምንም ሳትናገር አይጧን ያዘች፤
የበግ ጨረታውን ገፋች፣ የሹራብ ክቡን አጠበበች፤
ከመሐል አንድ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቦታ ተከፈተ።

ቴግዌን እስኪነጋ ድረስ ባርኔጣ ስትሥል አደረች።
ጠዋት በአጉሊ መነጽር ቆጠርኩ፤ ሂሳብ ያዥ አይደለሁ?
ሁለት መቶ አሥራ አምስት መሆን ነበረባቸው፤
አንድ ጎደለ። ሦስተኛው ገጽ፣ ከኢቮር ስም ሥር፣
ደብልዩዋ ራሷን ገልጣ ቆማለች።
«ረስተሻል» አልኳት፣ በጣቴ እያሳየሁ።
«አልረሳሁም» አለች፤ ብዕሯን ከደነች።
«አውልቃ ነው።»