የኸልፋን ቋጠሮ

ጡረታ ስንወጣ ካራቫን ገዛንና
ከመስከት ሱር ብለን፣ በባሕሩ ጎዳና።
አልጋዋ ደህና ነው፤ በሯ ግን አይዘጋም፣
ዘነቡ በሻሿ ብታስረው አይረጋም።

ቁርያት ስንደርስ ሙሉሸዋ የለችም፤
ከግድግዳው ሆና ዛሬም አላረጀችም።

ሱር ገባን። ኸልፋን ደጅ ላይ ተቀምጧል፤
መርከብ የሠራ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል።
«ማን ናችሁ?» አለን፣ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት!
ስም ብንጠራ፣ ብንስቅ፣ ብናነሣ ያንን ቤት፣
ምንም።

በሩን ግን አየና ተነሣ ቀስ ብሎ፣
ከጓሮው የጀልባ ገመድ አንጠልጥሎ።
ሳብ፣ ጠቅለል አደረገው፣ ሁለቴ አዙሮ፤
ያው የልጃችን ዥዋዥዌ፣ ያው የጥንቱ ቋጠሮ።

አልፈታነውም።
ይኸው ሳምንታችን፣
በመስኮት ነው መግቢያችን፤
ዘነቡ ትስቃለች፣ ያቃስታል ወገባችን።