ዚሏ

ከሐሙሲት ወዲያ፣ ከዳጉሳ ማሳ
አገኘኋት ዚሏን ሐረግ ተላብሳ፤
ጋቢናዋን ይዛ ዶሮ ታቅፋባት፣
አንድ ዓይኗ ፈሶ፣ አንዱ ተንጠልጥሎባት።
«ለቁራጭ ብረት ነው?» አለኝ ባለቤቱ።
«ለመንዳት ነው» ብለው ሳቀ ከነሚስቱ።

ሎቤድ ተከራየሁ፤ ከዋጋዋ በለጠ።
ዓባይ ድልድይ ላይ ትራፊኩ አፈጠጠ፤
«ታርጋዋ የታለ?»
«ጌታዬ፣ እሷ ጭነት ናት።»
ዞራት። ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ።
«አባቴ የሄደው በእንዲህ ዓይነቷ ነው»
አለና አሳለፈን።

ሁለት ክረምት ሙሉ ሽምብጥ ከጓሮዬ
ከሆዷ ስር ዋልኩኝ፣ ግሪስ ሆነ ሽቶዬ።
ካርቡራተር ከመርካቶ፤ የጠፋውን ሁሉ
ይሄነው ቀጠቀጠው፣ አቤት መዶሻው፣ አቤት ስድቡ!
ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ
«ገና ታስነጥሳለች» ይላል።

ቀለሟ ሽንኩርት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ስልጣት
ከሰማያዊው ስር አረንጓዴ፣
ካረንጓዴው ስር የአቧራ መልክ፣
በበሯ ውስጠኛ ገጽ ደግሞ፣ በምስማር የተጫረ፦
«ምንይችል። ውሃ ካጣን ሦስት ቀን።»
እዚያ ላይ ብሩሽ አላሳረፍኩም።

የተነሳች ዕለት ጭሷ ሰፈር ሞላ፤
«ለሰልፍ ነው» አሉ፤ «ለሠርግ» አለ ሌላ።
ማለዳ ግን እኔ ፎገራ ዳር ነዳኋት፣
ነቃዮቹ መጥተው በእምቦጭ ሞሏት፤
ሥሩ እንደ ጢም ተንዠርግጎ፣
ሐይቁን ይዞ እንደወጣ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ውሃ አንጠባጠበች።
የምንይችልን በር ገርበብ አድርጌ
በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ።