ጓድ ደቂቃ

ሚዛን ላይ ቆምኩ እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት፣
የሰው ሻንጣ ስመዝን፣ አየር ማረፊያው ቤት።
አቶ ጓንጉል ጌጡ፣ የኛ ሥራ አስኪያጅ፣
ሰዓቱን እያየ ይቆም ነበር ከደጅ።
በረዶ አገር ሄዶ የተማረ ሰው ነው፤
የሩስያውን ኑሮ ብዙም አይተርከው፣
አንድ ነገር በቀር፦ «እዚያ፣ በውድቅት ሌሊት፣
ክንፉን በረዶ ሲውጠው፣ አጥበን አስነሳን፣ በሰዓት።»

ከሸገር የሚመጣው ጥቂት ሲዘገይ
ይመላለስ ነበር አስፋልቱ ላይ፤
ሚስቱ ምጥ ላይ እንዳለች፣ እንደ ጭንቀታም ባል፣
አንዴ ሰማይ ያያል፣ አንዴ ሰዓት ያያል።

ከዚያ ሹመት መጣ፣ በሰኔ ጭቃ ቀን።
የትራንስፖርት ቢሮ ኃላፊ ሆነ አሉን።
እኔንም «ሚዛን የያዘ ሰው አይዋሽም» አለኝ፣
ከሻንጣ አንስቶ ቲኬት ቆራጭ አረገኝ፣
ጣና ዳር፣ ወደቡ ላይ፣ በቆርቆሮ ቤት፣
ጉማሬ ሌሊት ሌሊት በሚያጓራበት።

በነጋታው ጠዋት መናኸሪያ ወርዷል።
ሚኒባሱ ቆሟል፣ ረዳቱ ይጮኻል፦
«ጎንደር! ጎንደር! የቀረው አንድ ሰው ነው!» ይላል።
ውስጡ ሦስት ሰው አለ፤ አንደኛው ሹፌሩ፣
አንዱም መንገደኛ እንዲመስል የተከፈለው ብሩ።
«በስንት ሰዓት ይነሳል?» ጠየቀ ኃላፊው።
«ሲሞላ፣ ጋሼ» አለ፤ ልጁ ምን ቸገረው።

«ዓባይ ይሞላል» አለ፣ «ጣናም ይሞላል፤
መኪና ግን፣ ልጄ፣ በሰዓት ይነሳል!»

ሰሌዳ አስለጠፈ፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«አንድ ሰዓት ማለት አንድ ከአምስት አይደለም።»
ረዳቶቹ ሳቁ፣ ስም አወጡለት ወዲያው፤
«ጓድ ደቂቃ መጣ!» ሲሉ እሱም ሰማው።
አልከፋውም።
እውነት ለመናገር ደግሞ ሠርቶለታል፤
ነፍሰ ጡር በፀሐይ መቆሟ ቀርቷል፤
ተማሪው ፈተናው ሳያልፈው ይደርሳል።

የደቅ ጀልባ ግን በሳምንት አንዴ ናት።
አንድ እሑድ፣ በሐምሌ፣ ራሱ ተሳፈረ፤
ከፊት ለፊት ቆሞ ደቂቃ ቆጠረ።
አንድ ሰዓት ሆነ። «ልቀቅ!» አለ። ለቀቅን።
ሠላሳ ክንድ ያህል ውሃ ሲለያየን
ሴትዮ ስትሮጥ ከመንገዱ አየን፤
ትከሻዋ ላይ ማረሻ፣ ከቀጥቃጭ ቤት የመጣ፣
ላቧ ከግንባሯ እንደ ዝናብ የወጣ።

አልጮኸችም። እጇንም አላወዛወዘች።
ማረሻውን አኖረች፣ አጠገቡ ተቀመጠች።
«መሬትም ሰዓት አለው» አለችኝ፣ «ጥሎ ይሄዳል።»

ስሟ ይታይሽ ነው፤ እሱ ግን አላወቀም።
ግን አያት፤ ጀልባዋ እስክትጠፋ አልተቀመጠም።

ማክሰኞ ሲመለስ ቢሮው አልገባም፤
መጥቶ ከመስኮቴ ቆመ፣ ቲኬት አልገዛም።
«ያቺ ሴት?»
«በታንኳ ሄደች፣ ሰኞ ማታ።»
«ደረሰች?»
«አላውቅም፣ ጋሼ።»
ዝም አለ ላንድ አፍታ፣
ደንገሉን እያየ፣ ነፋስ ሲያጎነብሰው፣
ብረት በታንኳ ላይ ስንት እንደሚከብድ ሲመዝነው።

ሰሌዳው ያው ነው፤ አንድም ፊደል አልጎደለ፤
ይቅርታም አልጠየቀ፣ «ተሳስቻለሁ» አላለ።
ግን እሑድ፣ ለአንድ ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል፣
በእግሩ ይመጣና ከበሩ ይቆማል፣
ወደ ቀጥቃጮቹ ሠፈር ያማትራል፤
አንዴ መንገድ ያያል፣ አንዴ ሰዓት ያያል።

አምስት ደቂቃ ሲያልፍ፣ አንዳንዴም አሥር፣
«መዝገቡ ላይ» ይለኛል፣ ድምፁ እንደ ምስጢር፣
«ጭጋግ ነበር በል። ጻፍ።»

እኔም፣ ሚዛን የያዝኩት፣ የማልዋሸው ሰው፣
«ጭጋግ» ብዬ ጻፍኩኝ፣
ፀሐዩ ወረቀቱን እስኪያቃጥለው።